እንዝርት፣ ስንደዶና ጓሳ፦ ስለ እጅ ሥራ፣ ስለ ተፈጥሮና ስለ እምነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ደጋግመው የሚነሡትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ።

የእጅ ሥራ ከእምነት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ ያገናኘዋል። ዘጸአት 31ን ክፈቱ። እግዚአብሔር ለሙሴ «የእግዚአብሔርን መንፈስ ሞላሁበት» ብሎ በስሙ የሚጠራለት ሰው ንጉሥ ወይም ነቢይ አይደለም። ባስልኤል የሚባል ባለሙያ ነው፤ ወርቅና ብር የሚሠራ፣ ድንጋይ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ። በምዕራፍ 35 ደግሞ ሴቶች በእጃቸው ፈትለው ያመጡት ለድንኳኑ ሥራ እንደ ዋለ ተጽፏል።

ጌታም በአገሩ ሰዎች አፍ «ጸራቢው» ተብሏል (ማርቆስ 6፥3)። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መልአኩ ገብርኤል ሲያበሥራት እመቤታችን ለቤተ መቅደስ ሐርና ወርቅ እያስማማች ትፈትል ነበር። የብሥራት ሥዕል ካለበት ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ እጇን ልብ ብላችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ እንዝርት ወይም ፈትል ይዛ ነው የምትሣለው። ወሬው ትልቅ ስለሆነ ዓይናችን ወደ መልአኩ ይሄዳል እንጂ፣ ሠዓሊው እንዝርቷን አልረሳትም።

ምንም ሙያ የለኝም። ከምን ልጀምር?

ቤታችሁ አጠገብ ከሚገኘው ጀምሩ። መንዝ ያለ ሰው የበግ ፀጉር አለው። ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ ተነድፎ፣ ተፈትሎ ባናና ዝተት፣ ሲልም በርኖስ የሚሆነው እሱ ነው። ስፌት የሚወድ ክረምቱ ወጣ ሲል ስንደዶና አክርማ ያገኛል። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማለስለስ፣ ከፊሉን ቀለም ነክሮ አለላ ማድረግ፣ ከዚያ ወስፌ ይዞ መቀመጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሞሰብ እሰፋለሁ ብላችሁ አትነሡ። ትንሽ ሙዳይ ይበቃል።

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ግን ጥጥ መፍተልን ነው፤ ዕቃው ትንሽ፣ ወጪው ቀላል ነው። ፍሬው በመዳመጫ የወጣለትን፣ በደጋን የተነደፈውን ጥጥ አመልማሎ አድርጋችሁ ትይዛላችሁ። ቀኝ እጅ እንዝርቱን ጭን ላይ ሽር አድርጎ ያሾረዋል። ግራ እጅ አመልማሎውን ከፍ አድርጎ ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። ጣጣው ያለው ግራ እጅ ላይ ነው። ቸኩሎ ብዙ ከለቀቀ ክሩ ጉብ ጉብ ይላል። ጨብጦ ከያዘ ደግሞ ይበጠሳል። ምን ያህል እንደሚለቀቅ ማንም በቃል ሊያስረዳችሁ አይችልም፤ ጣት ነው የሚማረው። ሰፈር ውስጥ የሚፈትሉ እናት ካሉ ቡና ሲፈላ ሄዳችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ከዩቲዩብ ይሻላል።

ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ነገር መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ልሥራ?

ጧፍ። መጎናጸፊያ መስፋት ወይም መጋረጃ መጥለፍ የሚችሉ አሉ፤ ጥሩ ነው። ግን ጧፍ ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል፣ ሁልጊዜም ይፈለጋል። የጥጥ ፈትል ይደረብና ይከረራል። የቀለጠ ሰም ውስጥ ይነከራል። ሳይደርቅ በመዳፍ እየተንከባለለ ይስተካከላል። እንደገና ይነከራል። ሰሙ ንጹሕ የማር ሰም ቢሆን ይመረጣል። ጠጅ የሚጥል ጎረቤት ካለ ሰፈፉን ለምኑት፤ አቅልጣችሁ በጨርቅ ስታጠልሉት ጥሩ ሰም ይወጣዋል። የፋብሪካው ሻማ ርካሽ ነው፣ አይካድም። የማር ሰም ሲነድ የሚሸተውን ሽታ ግን አይሸትም፤ ይሄንን ማኅሌት ያደረ ሰው ያውቀዋል።

አንድ ነገር ላስታውስ። ከመሥራታችሁ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም ቄሰ ገበዙን ጠይቁ። «ይህን ሠርቻለሁ፣ ተቀበሉኝ» ብሎ ማምጣት በጎ ሐሳብ ቢሆንም፣ የማያስፈልግ መጋረጃ ዕቃ ቤት ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ያሳዝናል።

እየሠራሁ መጸለይ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ እጅ ከለመደ በኋላ ይቀላል። ገና እየተማራችሁ ረጅም ጸሎት ልድገም ካላችሁ ክሩም ጸሎቱም ይበጠሳል። አጭሩን ያዙ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ለዚህ የተሠራ ይመስላል። መቁጠሪያ ላይ 41 ጊዜ ወይም 64 ጊዜ የሚባለው ዓይነት ጸሎት ከእንዝርት ጋር ጥሩ ይሄዳል። ውዳሴ ማርያምን በቃሉ የያዘ ሰው ደግሞ የዕለቱን እየደገመ መስፋት ይችላል። የጠዋትና የማታ ጸሎታችሁን ግን በዚህ አትተኩ። እሱ ለብቻው ተቁሞ የሚደረስ ነው።

ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ይሄ ምክር አይደለም፣ ልመና ነው።

ፍጥረትን አይቶ ለማመስገን በሰሜን ሸዋ የት ልሂድ?

መጀመሪያ ወደ አጥቢያችሁ ቅጥር ግቢ። ዙሪያው ታርሶ ባለቀበት አገር ጥድና ወይራ የተረፈው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሮጣችሁ አትውጡ። ዛፍ ሥር ተቀመጡና መዝሙር 103ን (በሌላው አቆጣጠር 104) አንብቡ። ምንጮች፣ ወፎች፣ ሣር፣ ተራሮች ሁሉ በተራ ይጠራሉ። ድንጋዮች ለሽኮኮ መሸሻ ናቸው የሚለው ቃልም እዚያው ነው። ሽኮኮውን ለማየት ኢየሩሳሌም መሄድ አያስፈልግም፤ የኛው ገደል ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ታገኙታላችሁ።

ራቅ ማለት ከፈለጋችሁ አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አፋፉ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል የአፋርን ቆላ ታያላችሁ። ከአንኮበር ወደ ደብረ ሲና በኩል የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው እንዳለ ነው። ጣርማበር ላይ ጣሊያን በሠራው ዋሻ አልፋችሁ ስትወጡ ጉም ካልሸፈነው አገሩ ድንገት እግራችሁ ሥር ይዘረጋል። ከሸፈነው ደግሞ ጉሙን እዩ፣ እሱም ያምራል። ከጸበልና ከመሳለም ጋር ለማድረግ የሚፈልጉ ወደ ጻድቃኔ ማርያም፣ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የትውልድ ስፍራ ወደ ሆነችው ኢቲሳ ይሄዳሉ።

ወቅቱን ከጠየቃችሁኝ ዘመነ ጽጌ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ናቸው። ሜዳው በአደይ ሲሸፈን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ውጭ ያለውን አበባና ውስጥ የሚዜመውን አበባ በአንድ ቀን ማግኘት የሚቻለው ያኔ ነው። ጋቢ ወይም ካፖርት አትርሱ። የደጋው ብርድ ከተሜ አይምርም።

ጓሳ ጓሳ የሚባለው ምን ስላለው ነው?

የመንዝ ጓሳ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙ የማይርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር የውርጭ አገር ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህላል። ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጭላዳ አለ፣ ጅብራ አለ። ቱሪስቱ የሚመጣው ለነሱ ነው። ለኔ ግን ትልቁ ነገር ሣሩ ነው። ስሙ ራሱ ጓሳ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለእረኛ ገሳ ይሆናል።

ሣሩ እስካሁን የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ነበረ የሚነገርለት «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት ነበረው። አስቦና ጌራ የሚባሉ ቀደምት አባቶች ዘር የሆኑ ባለርስቶች ዋና ይመርጣሉ፤ እሱ ቦታውን ይዘጋል፣ ይጠብቃል፣ ቀኑ ሲደርስ ያስከፍታል። አንድ ጊዜ ከተዘጋ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማንም አያጭድም፣ ከብት አያስገባም። ሣሩም እንደ ሰው ጾም ነበረው ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ርስቱ ቀረና ሥርዓቱም ፈረሰ። ኋላ ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመው።

ተፈጥሮን መውደድ እንደ መንፈሳዊ ነገር ስንናገር ፎቶና ስሜት ብቻ ይመስለናል። መንዜው ግን የገዛ ከብቱ እየራበው ሣሩን አልነካም ብሎ ይጠብቅ ነበር። ዘፍጥረት 2፥15 አዳም ገነትን ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ እንደ ተቀመጠ ይናገራል። እኛ «ያበጃት» የሚለውን ወደን «ይጠብቃት» የሚለውን የዘለልነው ይመስለኛል።

ተራራ ላይ ወጥቼ ምንም አልተሰማኝም። እምነቴ ደክሞ ነው?

ኧረ በፍጹም። ደክሟችሁ ይሆናል፣ በርዷችሁ ይሆናል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው ደብረ ብርሃን ላይ ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው ያኔ ነው። እንደዚያ ያለ ነገር በየወጣችሁበት ተራራ አትጠብቁ።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ትምህርት ለመጭመቅ አትቸኩሉ። ቅጠል ባየን ቁጥር «ይህ ምን ያስተምረናል?» ማለት ልማድ ሆኖብናል። ከዚያ ቅጠሉን ሳናይ ስብከቱን ይዘን እንመለሳለን። መጀመሪያ ነገሩን ራሱን እዩ። ጭላዳ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሁለቱም እጁ፣ በጣቶቹ እየለየ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ይለቅማል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል፤ ከዚያ ሳይነሣ በመቀመጫው ሸርተት ይልና ይቀጥላል። ይህን ሩብ ሰዓት አይቶ «ተመስገን» ያለ ሰው በቂ ጸሎት ጸልዮአል። ምሳሌው ባይመጣለትም ምንም አይደል።

ልጆችን እንዴት ላስለምድ?

አጭር አድርጉት። ስንደዶ ልቀማ ይዛችኋቸው ውጡ፣ ጭቃ ስጧቸው፣ ጧፍ ስታንከባልሉ አንዱን ለነሱ ተዉላቸው። ጠማማ ቢሆንም እሱኑ ያብሩት። ቃል ለማስጠናት ከፈለጋችሁ አንድ ጥቅስ ይበቃል፤ መዝሙር 18፥1 (በሌላው 19፥1)፣ ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ የሚለው። የቀረውን ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምራቸዋል።

ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ነው የምሄደው። ይህ ለኔም ይሆናል?

ለምን አይሆንም? ባስልኤል፣ ጣቢታ፣ መዝሙረ ዳዊት የጋራችን ናቸው። ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር (ሐዋርያት ሥራ 9፥39)። ስለ ማኅሌቱና ስለ ጧፉ የጻፍኩት የኦርቶዶክስ ሥርዓት ነው። እሱን ዝለሉት፣ ጥጡንና ተራራውን ውሰዱ።

በበዓል ቀን መፍተል ወይም መስፋት ይፈቀዳል?

ይህ በሰሜን ሸዋ ቀልድ አይደለም። በገጠሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ እርሻ ይቆማል። አንዱ በዓል ሽሮ ከሠራ በረዶ መንደሩን ይመታል ብሎ የሚሰጋ ብዙ ነው። ስለ ቀዳሚት ሰንበት የነበረው ትልቁ ክርክር ራሱ እልባት ያገኘው እዚሁ፣ ተጉለት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ቢቆጣችሁ ታሪክ አለው።

በደፈናው፣ ለገበያ የሚሠራ ሥራ በሰንበትና በበዓል አይሠራም። «ለመዝናናት ነው እኮ የምፈትለው» የሚለው ክርክር ከተሜ ያመጣው ነው፤ መልሱም ከሰው ሰው ይለያያል። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ገጠር እንግዳ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ግን ጥያቄም አያስፈልገውም፤ እንዝርቱን አስቀምጡትና ዝክሩን ብሉ።

ጌታ «የሜዳ አበቦች አይፈትሉም» ብሎ የለ? ታዲያ መፍተልን ለምን ታወድሳላችሁ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ማቴዎስ 6፥28-29 ላይ አበቦች አይደክሙም፣ አይፈትሉም፤ ሰሎሞን ግን በክብሩ ሁሉ ከነሱ እንደ አንዱ አልለበሰም ይላል። ነገሩን የጀመረበትን ስታዩ ግን «አትጨነቁ» ነው እንጂ «አትፈትሉ» አይደለም። የሚሰሙት ሰዎች ቤታቸው ፈትል ያለባቸው ስለ ሆኑ ነው ምሳሌው የሚገባቸው። ያው መጽሐፍ ምሳሌ 31 ላይ እጇን ወደ አመልማሎ የምትዘረጋዋን፣ ጣቶቿ እንዝርት የሚይዙትን ሴት ያመሰግናል።

ሆኖም ቃሉ ለኛ ለእጅ ሥራ ወዳዶች ትንሽ ይቆነጥጣል፣ መቆንጠጡም ደግ ነው። አንድ ጥለት ጎበጠ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አውቃለሁ። የበዓል ቀሚስ ካልደረሰ ብሎ ቤቱን የሚያምስም አለ። እነሱ አደይ አበባውን ደጋግመው ቢያዩት ይጠቅማቸዋል።

ዛፍና ተራራ ማድነቅ ወደ ባዕድ አምልኮ አይወስድም?

ሊወስድ ይችላል፣ አገራችን ያውቀዋል። አድባር ነው ተብሎ ቅቤ የሚቀባ ዛፍ፣ ዶሮ የሚታረድበት ወንዝ ዳር ያልሰማ የለም። ሮሜ 1፥20 የማይታየው የእግዚአብሔር ባሕርይ ከተሠሩት ታውቆ እንደሚታይ ይናገርና፣ አምስት ቁጥር ብቻ ወረድ ብሎ በፈጣሪ ፈንታ ፍጡርን ያመለኩትን ይወቅሳል። ሁለቱን ያራራቃቸው ትንሽ ነገር ናት።

መለያው ቀላል ነው። ዛፉን አይታችሁ ፈጣሪውን ካመሰገናችሁ ደግ። ከዛፉ ልጅ፣ ሀብት፣ ዝናብ ከለመናችሁ ወይም ዛፉን ከፈራችሁ ያ ሌላ ነው። በዚህ ሰበብ ትልልቅ ዛፎችን «የጣዖት ነው» እያሉ የሚቆርጡም አሉ። አልስማማም። ዛፉ ምን አጠፋ? ቅቤውን መተው ይበቃል።

የእጅ ሙያ እንዲህ የተባረከ ከሆነ ባለሙያዎቹ ለምን ሲሰደቡ ኖሩ?

ይህን የሚጠይቁ ብዙ ጊዜ ራሳቸው የባለሙያ ልጆች ናቸው፣ የሚያስቀይም መልስም ልሰጣቸው አልፈልግም። እውነቱ ግን ይህ ነው። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን ሰድበናል። ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናት ብለን ልጆቻችንን ከዓይኗ ደብቀናል። አብሮ መብላት፣ መጋባት ቀርቶ መቃብር ለይተን የነፈግንበት ጊዜ አለ። ማረሻው ከሠሪው እጅ ነው የመጣው። መስቀሉም እንደዚያው። ሠሪውን ሸሽተን የሠራውን ስንሳለም ኖረናል።

ይህ ከሃይማኖቱ የመጣ አይደለም። ጸራቢ ተብሎ የተጠራውን ጌታ የሚያመልክ ሰው ጸራቢን የሚንቅበት ምክንያት ሊኖረው አይችልም። ምድራችን ከሰጠችን ነገሥታት አንዱ፣ አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ፣ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ዛሬም ጀበናውን ወድዶ «ልጅሽን ግን ለሠሪዋ ልጅ አትዳሪ» የሚል አለ።

ስለዚህ ስፌት ወይም ሸክላ ልማር ብላችሁ ወደ ባለሙያ ስትሄዱ በአክብሮት ሂዱ። እማማ፣ አባባ በሉ። ያስተማሩበትን ክፈሉ። የሚበሉትን አብራችሁ ብሉ። ከዚህ ውጭ ያለው «በእጅ ሥራ እግዚአብሔርን ፈለግሁ» የሚል ወሬ እኔን ብዙም አያሳምነኝም።

መስቀል፣ ሥዕል ወይም ጋቢ ሠርቼ ብሸጥ ኃጢአት ነው?

ሙያ ሸጦ መብላት ኃጢአት አይደለም። ጳውሎስ ከአቂላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ነበር የሚተዳደረው (ሐዋርያት ሥራ 18፥3)። በሚቀጥለው ምዕራፍ ግን ድሜጥሮስ የሚባል ብር ሠሪ አለ። የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ምስል እየሠራ ያተርፍ ነበርና ገበያው ሲነካበት ከተማውን አወከ። ድሜጥሮስ አምላኬ ተነካች አለ፤ ያንገበገበው ግን ትርፉ ነበር። የሃይማኖት ዕቃ ለምንሸጥ ሁሉ ይህ ምዕራፍ በዓመት አንዴ ቢነበብ ጥሩ ነው።

ቅዱሳት ሥዕላት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። እንደ ጌጥ አይሣሉም፣ ካህን ጸሎት አድርሶ ይባርካቸዋል። ስለዚህ ምንጣፍ፣ ትራስ፣ የእጅ ቦርሳ ላይ አታትሟቸው። የሚቀመጥበት፣ የሚረገጥበት ነገር ላይ መስቀልም አትጥለፉ። ጥለት ከፈለጋችሁ ሐረግ አለ፣ ብዙ ዓይነት አለ።

ጋቢና ነጠላ ላይ ደግሞ እውነቱን ተናገሩ። ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ሸማ ብዙው ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ምንም ነውር የለበትም፤ ጠንካራም ነው። ነገር ግን ገዢው «ሁሉም የእጅ ነው?» ብሎ ከጠየቀ «ማጉ ብቻ» በሉት፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ንገሩት።